ከምድር ቤት ልምምድ እስከ ቫን ጉዞ፦ ለትንሽ የሮክ ባንድ የሚሆን መመሪያ

ይህ ጽሑፍ ሦስት አራት ሆነው የራሳቸውን ሙዚቃ ለሚሠሩ ልጆች ነው። ከኋላቸው ትልቅ ኩባንያ የለም። ሥራ አስኪያጅም የለም። በሰፈራቸው ሃያ ሠላሳ ሰው ያውቃቸዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ከተማ ሄደው፣ የማያውቃቸው ሰው ፊት መጫወት ይፈልጋሉ።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአሜሪካ ናቸው። በራስ ቫን እየዞሩ በየክለቡ መጫወት ሥርዓት ይዞ ያደገው እዚያ ስለሆነ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር አንባቢ ነገሩ ጎረቤቱ ነው። የእኛ ምግብ ቤቶች ባሉበት 9ኛው ጎዳና ላይ ዲሲ ናይን የሚባል ትንሽ ክለብ አለ። ከዚያ ፈቀቅ ሲሉ በ1996 ወደ ቪ ጎዳና የተዛወረው ናይን ተርቲ ክለብ ይገኛል። በዚያ አካባቢ ክትፎ በልቶ ሲወጣ ከቫን ድራም የሚያወርዱ ልጆች ያላጋጠሙት ሰው ብዙ አይመስለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። ትንሽ ባንድን መንገድ ላይ የሚያቆዩት ዝቅ ያለ ወጪና ለሁሉም ግልጽ የሆነ ሒሳብ ናቸው። ጥሩ ዘፈን ይዘው በእነዚህ ሁለቱ የፈረሱ ባንዶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ገንዘብ ብል አትታዘቡኝ።

1. ገንዘቡ ሳይመጣ ተስማሙ

ጓደኛሞች ስለ ገንዘብ ማውራት ያፍራሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታው ይብሳል። ሁሉም "ስንደርስ እናየዋለን" ይላል። ሲደርሱ ግን ነገሩ ኩርፊያ ይሆናል።

አር.ኢ.ኤም. የተባለውን ባንድ ተመልከቱ። በ1980 ጆርጂያ ውስጥ አቴንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተመሠረተ። አራት ልጆች ነበሩ። ጊታሪስቱ ፒተር በክ ሸክላ መሸጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። በቫን እየዞሩ በየትንሹ ክለብ ተጫወቱ። የኮሌጅ ሬዲዮዎች ወደዷቸው፣ በ1983 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፣ ከዚያ በኋላ በዓለም የታወቁ ሆኑ። እኔን የሚገርመኝ ግን መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ነገር ነው። ግጥሙን ማንም ይጻፈው፣ ዜማውን ማንም ያምጣው፣ ዘፈኖቻቸውን በአራቱም ስም አስመዘገቡ። ድራመሩ ቢል ቤሪ በ1997 በራሱ ፈቃድ እስኪለቅ አራቱም አልተለያዩም። የቀሩት ሦስቱ እስከ 2011 ድረስ ቀጠሉ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የዘፈን ደራሲነት ራሱን የቻለ ገቢ አለው። ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ለደራሲው ይከፈላል። ስሙ ያልተጻፈው ድራመር ከዚያ ምንም አያገኝም። አንዱ ቤት ሲገዛ ሌላው የቤት ኪራይ ይቸግረዋል። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ቫን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ይህ ረጅም መንገድ አይሄድም።

እኩል መካፈል ግዴታ አይደለም። ተነጋግሮ መጻፍ ግን ግዴታ አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ዘፈኑ የማን ነው? የኮንሰርት ክፍያ እንዴት ይከፈላል? በጋራ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ የማን ነው? አንዱ ቢለቅ ምን ይዞ ይሄዳል? የባንዱ ስም ከማን ጋር ይቀራል? ሁሉም ይፈርም፣ ሁሉም ፎቶ ያንሳው።

ከዚያ የባንዱን ካዝና ክፈቱ። የባንክ ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ኮንሰርቶች ገንዘብ ለማንም አይከፈል። ቫኑም፣ ሸክላውም፣ ቲሸርቱም የሚወጣው ከዚያ ነው።

2. እጃችሁ ላይ የሚሸጥ ሙዚቃ ይኑር

ባዶ እጅ መንገድ አይወጣም። ቢያንስ አራት አምስት ዘፈን በደንብ የተቀዳ ይኑራችሁ።

በ1980 ዲሲ ውስጥ ቲን አይድልስ የሚባል የታዳጊዎች ባንድ ነበር። ሊበተኑ ሲሉ ከኮንሰርት ያጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ ነበራቸው። መከፋፈል ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሸክላ አሳተሙበት። ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው። የሸክላውን ልባስ ለፋብሪካ አልሰጡም። በመቀስ ቆረጡት፣ አጠፉት፣ በማጣበቂያ አጣበቁት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኢያን ማካይ በኋላ ፉጋዚ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ፉጋዚን ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

ዛሬ ሙዚቃን ለዓለም ማድረስ ቀሏል። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ስትሸጡ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከቲሸርት 10 በመቶ ይወስዳል። የቀረው የእናንተ ነው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ተቀናሽ ቢኖርም። የሸክላ ፋብሪካ ግን ወረፋ አለው። ብዙ ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸክላውን እዘዙ፣ ከዚያ ጉዞውን አቅዱ። ቀኑን ቆርጠው ሸክላው ያልደረሰላቸው ባንዶች ብዙ ናቸው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ማለት ለዚህ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አስካፕ ወይም ቢ.ኤም.አይ. ዘንድ ተመዝገቡ፤ ለዘፈን ደራሲዎች ክፍያ የሚሰበስቡ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ፈቃድ በከፈለ ክለብ የራሳችሁን ዘፈን ስትጫወቱ፣ ዝርዝሩን አስገብታችሁ የደራሲነት ክፍያ ትጠይቃላችሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን የእናንተ ነው፣ ካልጠየቃችሁት ማንም አያመጣላችሁም።

3. መንገዱን በካርታ ላይ አጥኑት

የመጀመሪያው ጉዞ ቅዳሜና እሑድን የያዘ አጭር ይሁን። አርብ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ማታ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቫኑም ጓደኝነቱም በዚህ ይፈተሻል።

ከዲሲ ለሚነሣ ባንድ ሁለት አቅጣጫ አለ። ወደ ሰሜን ብትሄዱ ፊላደልፊያ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ኒው ዮርክ 150 ያህል፣ ከዚያ ቦስተን 345 ያህል። ከተሞቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ግን የመንገድ ክፍያው ይበዛል፣ የመኪና ማቆሚያው ውድ ነው፣ በየከተማው ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚጫወተው ባንድ ብዙ ነው። ወደ ደቡብ ብትወርዱ ሪችመንድ 175 ያህል፣ ከዚያ የሰሜን ካሮላይናዎቹ ቻፕል ሂልና ካርቦሮ 250 ያህል። እኔ ለጀማሪ ደቡቡን እመርጣለሁ። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው፣ አዲስ ሙዚቃ የሚሰማ ወጣት አለ፣ ወጪውም ይቀንሳል።

በቀን ከአራት አምስት ሰዓት በላይ አትንዱ። ካርታው አራት ሰዓት ካለ፣ ቫን ተጭኖ ስድስት ነው ብላችሁ አስቡ።

ክለቡን እንዴት ታገኛላችሁ? ቀላሉ መንገድ ሌላ ባንድ ነው። ሪችመንድ ያለ፣ ሙዚቃው ከእናንተ ጋር የሚሄድ ባንድ ፈልጉ። እነሱን ዲሲ ጋብዙ፣ የእናንተ ሰዎች ፊት ይጫወቱ፣ ቤታችሁ ይደሩ። በቀጣዩ ወር እነሱ ይጋብዟችኋል። ይህ የውለታ መንገድ ከማንኛውም ወኪል ይሻላል። የሚመጣው ሰው የእነሱ ሰው ነው፣ ምንጣፋቸው ላይ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ቡና ይፈላላችኋል።

ለክለቡ ስትጽፉ ደግሞ አጭር ጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀድማችሁ። የባንዱ ስም፣ ከየት እንደሆናችሁ፣ የምትፈልጉት ቀን፣ አብሯችሁ የሚጫወተው የከተማው ባንድ፣ የሙዚቃችሁ ማስፈንጠሪያ። ስንት ሰው ታመጣላችሁ ብለው ከጠየቁ እውነቱን ንገሩ። "እዚህ ማንም አያውቀንም፣ የከተማው ባንድ ግን 50 ሰው ያመጣል" ማለት ነውር የለውም። 200 ብላችሁ 9 ሰው ቢመጣ ያ በር ዳግመኛ አይከፈትም።

4. ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ትንሽ ክለብ በሁለት መንገድ ይከፍላል። አንዱ ቁርጥ ክፍያ ነው። ሌላው ከበሩ ገቢ ድርሻ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ቁርጡ ወይም ድርሻው፣ ከሁለቱ የበለጠው ይከፈላል። በቁጥር እንየው።

ቁርጡ 200 ዶላር ነው እንበል። ድርሻው ደግሞ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ 70 በመቶ። መግቢያው 12 ዶላር ሆኖ 60 ሰው ቢመጣ 720 ይገባል። ክለቡ ለድምፅ ባለሙያውና ለበር ጠባቂው 150 ይቀንሳል። 570 ይቀራል። 70 በመቶው 399 ነው። ከ200 ስለሚበልጥ 399 ትወስዳላችሁ። 25 ሰው ብቻ ቢመጣ ግን ገቢው 300፣ ከወጪ በኋላ 150፣ ድርሻው 105 ይሆናል። ያን ጊዜ ቁርጡን 200 ትወስዳላችሁ። ቁርጥ የሌለው ውል ከሆነ በባዶ ኪስ መመለስ አለ።

ስለዚህ ጠይቁ። ወጪው ስንት ነው? ምን ምን ይካተታል? ድርሻው ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም ባንዶች? ከቲሸርት ሽያጭ ክለቡ ይቆርጣል? ስንት በመቶ? መልሱ በኢሜይል ይሁን። በስልክ የተባለ ነገር ማታ ላይ ይረሳል።

ፉጋዚ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1987 ዲሲ ውስጥ መጫወት ጀመሩ። መግቢያው 5 ዶላር አካባቢ እንዲሆን፣ ማንኛውም ዕድሜ ያለው ሰው እንዲገባ ይጠይቁ ነበር። ከታወቁም በኋላ በዚሁ ጸኑ። እንዴት ቻሉት? ሥራ አስኪያጅ አልነበራቸውም። ቲሸርት አይሸጡም ነበር። ኮንሰርቱን ራሳቸው ይይዙ ነበር፣ ዕቃቸውንም ራሳቸው ያወርዱ ነበር። የሚከፈለው ሰው ጥቂት ስለሆነ አምስት ዶላሩ በቃቸው። እናንተ ቲሸርት ሽጡ፣ እኔ አልከለክልም። ግን ወጪ ስትጨምሩ ለሰው እምቢ የማለት ነጻነታችሁን እየሸጣችሁ እንደሆነ ይታያችሁ።

5. ቫኑ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው በቫን ነው።

በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ሳን ፔድሮ ውስጥ ሚኒትመን የሚባሉ ሦስት የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ጉዟቸውን ሁሉ በቁጠባ ያደርጉ ነበር። ቫናቸውን ራሳቸው ይነዱ ነበር፣ መድረኩንም ራሳቸው ያሰናዱ ነበር። ዛሬ በራሱ ቫን የሚጓዝ ብዙ የአሜሪካ ባንድ አርአያ ያደርጋቸዋል። በታኅሣሥ 22 ቀን 1985 ጊታሪስታቸው ዲ. ቡን አሪዞና ውስጥ በቫን አደጋ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ታሞ ስለነበር ከኋላ ተጋድሟል፣ ቀበቶም አላሰረም። ባንዱም በዚያው ቀን አበቃ።

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን። ማንም ሰው፣ ታሞም ቢሆን፣ ደክሞም ቢሆን፣ ከኋላ ዕቃ ላይ አይተኛም። ሁሉም ወንበር ላይ፣ ሁሉም በቀበቶ።

15 ሰው የሚይዘው ትልቁ ቫን ለባንድ ይመቻል። ሆኖም የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት መኪና ነው። ሰውና ጭነት በበዛበት ቁጥር በቀላሉ ይገለበጣል። ጣራው ላይ ምንም አትጫኑ። የኋለኞቹን ወንበሮች አውጡና ዕቃው እዚያ ይግባ። ከባዱ ሁሉ ወለል ላይ፣ ከኋላ ጎማዎች ወደ ፊት ጠጋ ብሎ። የቤዙ አምፕሊፋየር መጀመሪያ ይገባል። ከዚያ የጊታር አምፕሊፋየሮች፣ ከዚያ ድራሙ፣ ጊታሮቹ በሣጥናቸው ቆመው መጨረሻ። በዕቃውና በሰው መካከል ወፍራም ጣውላ ወይም ጠንካራ መረብ ይኑር። ፍሬን በድንገት ሲያዝ 30 ኪሎ አምፕሊፋየር ማጅራት ላይ ያርፋል።

ከመነሣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት መካኒክ ይየው። ፍሬን፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ቀበቶና ቱቦ። ጎማውን ግን በየቀኑ ጠዋት ራሳችሁ ለኩት። በጭነት የሚሄድ ቫን የጎማው ንፋስ ካነሰ ይሞቃል፣ ሞቆ ይፈነዳል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል። ስኮርታው ንፋስ አለው ወይ? ክሪኩ የተጫነ ቫን ያነሣል ወይ? አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ሞክሩት። ሌሊት፣ ዝናብ ላይ፣ አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ መማር አይገባም።

ሾፌሮች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው አይተኛም። ሥራው ሾፌሩን ማጫወት፣ ካርታ ማየትና ስልክ መመለስ ነው። የዕለቱ ሾፌር ጠብታ መጠጥ አይቀምስም። ከኮንሰርት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ደግሞ ጀግንነት አይደለም። ርካሽ ሞቴል ያዙና ተኙ። ወጪ ዝቅ ይበል ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም።

ስርቆትም አለ፣ ከሁሉም በላይ ሞቴል ደጃፍ ላይ። ቫኑን በጀርባው ከግድግዳ ጋር አስጠጉት፣ የኋላው በር እንዳይከፈት። ጊታሮችን ይዛችሁ ግቡ። የባንዱን ስም ቫኑ ላይ አትጻፉ። የየዕቃውን መለያ ቁጥር በፎቶ አስቀምጡ፣ ፎቶው ለሁሉም ይድረስ። የመኪና ኢንሹራንስ የሙዚቃ ዕቃ አይሸፍንም ብላችሁ ነው መነሣት ያለባችሁ። ለብቻው የሚሸጥ የሙዚቃ ዕቃ ኢንሹራንስ አለ፣ ዋጋውን ጠይቁ።

6. የኮንሰርቱ ቀን

ከሳምንት በፊት ለክለቡ ሁለት ወረቀት ላኩ። አንዱ ማን የት እንደሚቆም የሚያሳይ የመድረክ ሥዕል ነው። ሌላው የማይክና የመስመር ዝርዝር። በዚያው ኢሜይል የመድረሻ ሰዓት፣ የሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) ሰዓት፣ የመጫወቻ ሰዓት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታና የምግብ ነገር ይጠየቅ። ጾም ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ እፈልጋለሁ ይበል። አሜሪካ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ያዘጋጁለታል።

በሰዓቱ ድረሱ። የድምፅ ባለሙያውን ስም ጠይቁና በስሙ ጥሩት። የጊታራችሁን ድምፅ ቀንሱ ሲል ቀንሱ። በትንሽ ክፍል ውስጥ ጊታሩ ከጮኸ የዘፋኙ ቃል አይሰማም፣ የመጣው ሰው ደግሞ ቃሉን መስማት ይፈልጋል።

ለድራመሩ አንዲት ምክር አለችኝ። የራስህን ምንጣፍ ይዘህ ሂድ። የክለብ መድረክ ይንሸራተታል፣ የእግር ድራሙ በየዘፈኑ ወደ ፊት ይሸሻል። ቤት ውስጥ ድራሙን ምንጣፉ ላይ እንደሚመችህ አሰናዳ። ከዚያ የየእግሩን ማረፊያ በባለቀለም ቴፕ ምልክት አድርግ። ለእግር ድራም ቀይ፣ ለሲምባል ማቆሚያ ሰማያዊ፣ ለወንበር ነጭ። ክለብ ስትደርስ ምንጣፉን ትዘረጋለህ፣ እግሮቹን ምልክቱ ላይ ታሳርፋለህ፣ አለቀ። ሌላው ባንድ እየጠበቀህ ሲምባል ግራ ቀኝ መግፋት የለም። ጊታሪስቶችም ኬብላቸውን በየራሳቸው ቀለም ቴፕ ይጠቅልሉበት። ጨለማ ውስጥ ኬብል ሁሉ አንድ ነው፣ ሰው ደግሞ ክፋት ባይኖርበትም የሰው ይዞ ይሄዳል።

30 ደቂቃ ከተሰጣችሁ 27 ተጫወቱ። ስትጨርሱ ዕቃውን መጀመሪያ ከመድረክ አውርዱ፣ ሣጥን ውስጥ የምትከቱት ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቹን ባንዶች ደግሞ እስከ መጨረሻ ቆማችሁ ስሙ። ተጫውቶ የሚጠፋ ባንድን ማንም አይወድም።

ጆሮአችሁን ጠብቁ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ጥናት ተቋም መለኪያ እንደሚለው 100 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት አይገባም። ሮክ የሚጫወትበት ትንሽ ክለብ እዚያ በቀላሉ ይደርሳል። ለሙዚቀኛ የሚሠራ የጆሮ መድፈኛ አለ፤ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያደበዝዝም። የጠፋ ጆሮ አይመለስም።

7. የሽያጭ ጠረጴዛው

ብዙ ሌሊት የቤንዚኑን ገንዘብ የሚያመጣው ይህ ጠረጴዛ ነው። መብራት ያለበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ትንሽ የራሳችሁ መብራትም ያዙ። ዋጋ በትልቁ ይጻፍ። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ሳይገዛ ይሄዳል። ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የካርድ መቀበያም ይኑር። ቲሸርት ስታሳትሙ መካከለኛና ትልቅ ቁጥር ይብዛ። ከመጫወታችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ ከአብሯችሁ ባንድ ሰው ለምኑ። ከተጫወታችሁ በኋላ ግን ራሳችሁ ቁሙ። ሰው ከሸክላው ይልቅ ሰላም ሊላችሁ ይመጣል፣ ሰላም ብሎ ደግሞ ይገዛል። የኢሜይል መመዝገቢያ ደብተር አትርሱ። ዳግመኛ ስትመጡ የምትጠሩት በዚያ ነው።

8. ሒሳብ ሳይዘጋ አይተኛም

ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ሰው ይሁን፣ ያልጠጣ። ማታውኑ፣ ከክለቡ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ የገባውን ሰው ቁጥርና የወጪውን ዝርዝር ይይ። ቁጥሩ ካልገባው በትሕትና ይጠይቅ። ይህ መብት ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ፈርሞ፣ አመስግኖ ይውጣ።

ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ለምሳሌ የሪችመንድ ቀን፦ ከክለቡ 200፣ ከጠረጴዛው 145፣ በድምሩ 345። ቤንዚን ስንት ነው? ቫኑ በጋሎን 15 ማይል ቢሄድ፣ የቀኑ መንገድ ደግሞ ደርሶ መልስ ከከተማው ጋር 250 ማይል (400 ኪሎ ሜትር ያህል) ቢሆን፣ ወደ 17 ጋሎን ይፈጃል። ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን 60 ዶላር ያህል ነው። ለአራት ሰው የቀን አበል 15፣ 15፣ ሌላ 60። ማቆሚያ 20። 205 ለካዝናው ይተርፋል። ከዚያ ላይ ለቲሸርቱ ማሳተሚያ የወጣውን መቀነስ አትርሱ። ብዙ ባንድ ይህን ይዘነጋና ያተረፈ ይመስለዋል።

ጠዋት ቫን ውስጥ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሁሉም ይስማ። እንደ ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢው የታመነ ቢሆንም ደብተሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሒሳብ የሚሰማ ሰው አይጠራጠርም፣ የማይጠራጠር ሰው ደግሞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አምፕሊፋየር ሲሸከም አያጉረመርምም።

9. እርስ በርስ ስትሰለቻቹ

ትሰለቻላችሁ። የተለመደ ነው። በየቀኑ አንዲት ሰዓት እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ይሁን፤ ይራመድ፣ ቤተሰቡ ጋ ይደውል፣ ዝም ይበል። ከመድረክ እንደወረዳችሁ ስለ ስሕተት አትነጋገሩ፣ ለነገ ጠዋት አቆዩት። ማቀዝቀዣ ሣጥን ያዙ፤ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ውኃ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ መብላት ኪስንም ሆድንም ይጎዳል። ዘፋኙ ይተኛ። ለድምፅ ከእንቅልፍና ከውኃ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

10. ከአገር ውጭ የምትሻገሩ ከሆነ

አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ተከፍሎ ለመጫወት የቱሪስት ቪዛ አይሆንም። ለባንድ የሚሆኑት ፒ የተባሉት የቪዛ ዓይነቶች ናቸው፣ ልዩ ችሎታ ላለው ግለሰብ ደግሞ ኦ። ማመልከቻውን የሚያስገባው አሜሪካ ያለ ጋባዥ ነው፣ ብዙ ወርም ይጠይቃል። ጋባዣችሁ "በቱሪስት ቪዛ ኑ፣ ችግር የለም" ካላችሁ አትስሙት፤ ቅጣቱ በእናንተ ላይ ነው የሚወድቀው። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ የምትሻገሩም የዕቃችሁን ዝርዝርና የቲሸርታችሁን ብዛት ጽፋችሁ ያዙ፣ ለሚሸጥ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል።

11. ከተመለሳችሁ በኋላ

ሥራችሁን አትልቀቁ። ወላጆችም የሚጨነቁት ለዚህ ነው፣ እውነታቸውን ነው። በሥራና በጉዞ መካከል ተጨናንቆ መኖር ለብዙ ባንድ ረጅሙ የሕይወት ክፍል ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቹን ጋሽ ኃይሉ መርጊያን አስቡ። የአዲስ አበባው ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሲመጣ እሳቸውም አብረው መጡ፣ ከዚያም ዲሲ አካባቢ ቀሩ። ባንዱ ተበተነ። ጋሽ ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ግን ከኋላ ኮፈን አላወጡትም። ደለስ አየር ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቁ ያወጡና መኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። በ2013 የቆየ ሥራቸው በሸክላ እንደገና ሲታተም ወጣቶች ፈልገው አገኟቸው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮችም ተመልሰው መጫወት ጀመሩ። በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። መድረኩ ሲጠራቸው ጣታቸው ዝግጁ ነበር።

ስለዚህ ከጉዞ ስትመለሱ ልምምዱ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ይቀጥል። ቫኑን እጠቡት፣ ዘይቱን ቀይሩ። ላሳደሯችሁ ሰዎች፣ ለክለቡ ሰው፣ ለድምፅ ባለሙያው የምስጋና መልእክት በዚያው ሳምንት ላኩ። ለተመዘገቡት ሰዎች ኢሜይል ጻፉ። የተጫወታችሁትን ዘፈን ዝርዝር አስካፕ ወይም ቢ.ኤም.አይ. ላይ አስገቡ። ደብተሩን አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ ዝጉ። የትኛው ከተማ ሰው መጣ? የትኛው አልመጣም? ሰው የመጣበት ከተማ በስድስት ወር ውስጥ ተመለሱ፣ ካልሆነ ይረሳችኋል። ሪችመንድ ያስተናገዳችሁ ባንድ ደግሞ የዲሲ ተራው ደርሷል፤ ቀን ያዙላቸው፣ ፍራሹንም አዘጋጁ።